አዲስ የሙዚቃ መምህራን በስያሜ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ለሙዚቃ መምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ሲያስተምሩ ቁጭ ብዬ መመልከት እወዳለሁ። አብዛኞቹ ጥሩ ይጫወታሉ፣ ጥሩ ይዘፍናሉ። ክፍሉ የሚያመልጣቸው ስያሜ ላይ ሲደርሱ ነው። አንዱን ቃል ለሦስት ነገር ይጠቀሙበታል፣ ልጁ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ "ይሄ ልጅ ጆሮ የለውም" ይባላል። ጆሮው ግን ደህና ነው። ይህ በጣም ስለሚከነክነኝ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍላችሁ።

"ከፍ በሉ"

መምህሩ ኪቦርዱ ላይ ዶን ይመታል። ልጆቹ ይቀበሉታል። ወደ ሶል ይሻገርና "አሁን ከፍ በሉ!" ይላል። ክፍሉ ያንኑ ዶ በጩኸት ይደግመዋል። መምህሩ ይናደዳል፤ ልጆቹ ግን የተባሉትን ነው ያደረጉት። ቤታቸው "ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

ለጀማሪ ልጅ "ቀጭን" እና "ወፍራም" ይሻላሉ። ቀጭን ድምፅና ወፍራም ድምፅ የማይለይ ልጅ የለም። የክራሩን ቀጭን ክርና ወፍራም ክር አስነኩት፣ በዓይኑም ያየዋል። ለጉልበቱ ደግሞ "ጮክ" እና "በለሆሳስ" በሉ። "ቀስ በሉ" ከማለት ተቆጠቡ፤ ግማሹ ድምፁን ይቀንሳል፣ ግማሹ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከዚያ አቀላቅሏቸው። ቀጭን ሆኖ በለሆሳስ፣ ቀጭን ሆኖ ጮክ፣ ወፍራም ሆኖ በለሆሳስ፣ ወፍራም ሆኖ ጮክ። አራቱንም የሚሠራ ልጅ ፒች (ቅጥነቱ) እና ዳይናሚክስ (ጉልበቱ) የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገብቶታል። ስማቸውን የዚያን ጊዜ ንገሩት፤ አይከብደውም።

ሁሉንም "ምት" ማለት

"ምቱን ጠብቅ"፣ "ምቱ ፈጠነ"፣ "የችክችካ ምት"። ሦስቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአንድ መምህር አፍ ይወጣሉ። የመጀመሪያው እግራችን እኩል እየመታ የሚቆጥረው ነው፣ ቢት። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፣ ቴምፖ። ሦስተኛው የረጅምና የአጭር ድምፆች አሰካክ ነው፤ ሪትም ወይም ስልተ ምት እንለዋለን። አንድ ምርጫ ይዛችሁ ዓመቱን ሙሉ በዚያው ጽኑ። እኔ "ምት"ን ለእግሩ ብቻ አስቀምጬዋለሁ።

ልዩነቱን ለማሳየት ሰሌዳ አያስፈልግም። ልጆቹ በእግራቸው ምቱን እየያዙ፣ የሚያውቁትን ዘፈን ቃላት በእጃቸው ያጨብጭቡ። እግርና እጅ ሲለያዩ ይስቃሉ፣ ይጠፋባቸዋል፣ ይመለሳሉ። እግሩ ምት፣ እጁ ስልተ ምት። አለቀ።

ችክችካን በኖታ ስትጽፉ ደግሞ 6/8 እና 3/4 የሚሉትን የምት ልኬቶች አታምታቱ። ሁለቱም ውስጥ ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች ስላሉ "ያው ነው" የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። ያው አይደለም። 3/4 ሦስት ምት ነው፣ እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል። 6/8 ሁለት ትልልቅ ምት ነው፣ እያንዳንዱ ለሦስት ይከፈላል። ችክችካ በተለምዶ በ6/8 የሚጻፈው እስክስታ የሚወርደው ሰው እግር ሁለት ሁለት ስለሚቆጥር ነው። "አንድ ሁለት ሦስት" እያላችሁ በ3/4 ካስቆጠራችሁት፣ ኖታው ልክ መስሎ ትከሻው እምቢ ይላል።

ቅኝትን ከስኬል ጋር ማምታታት

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ስኬል ስል ከወፍራም ወደ ቀጭን የተደረደሩ ድምፆችን ማለቴ ነው።

ቅኝት ሁለት ሥራ አለው። ክራር ተጫዋቹ ክሮቹን ሲያስተካክል "እየቃኘ ነው" እንላለን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸውም ቅኝቶች ናቸው። ለተማሪ ሁለቱንም አሳዩ፣ ግን በየትኛው እየተናገራችሁ እንደሆነ ለዩ። "ትዝታ" ራሱ የቅኝትም የዘፈንም ስም ስለሆነ፣ "ትዝታን ተጫወት" ብቻ ማለት አይበቃም።

ትልቁ ስህተት ግን ሜዠር እና ማይነር የሚሉት፣ ከውጭው ሙዚቃ የመጡ የስኬል ዓይነቶች ስሞች ላይ ነው። ከዶ ብንነሳ ትዝታ ሜዠር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በውጭ መማሪያዎች ሜዠር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ሜዠር) ከሚባለው ጋር ድምፆቹ ይገጥማሉ። ሠልጣኙ እዚህ ላይ ደስ ይለውና "እንግዲያው ትዝታ ማይነርም ማይነር ፔንታቶኒክ ነው" ብሎ ይቀጥላል። ጊታር የተማረ ሁሉ ጣቱ እዚያ ይሄዳል፦ ዶ፣ ሚ ፍላት (ከሚ በግማሽ ድምፅ የወፈረው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት። ይህ ግን ባቲ ማይነር ነው! ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ተማሪው ትዝታ ተምሬያለሁ ብሎ ባቲ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላም አለ። "ቅኝት ማለት አምስት ድምፅ ነው" ብሎ ማቆም። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አሁን አምባሰልን ከሶል አንሱት፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይሆናል። ከላይ የጻፍኩትን ትዝታ ማይነር ተመልከቱ። ድምፆቹ አንድ ናቸው! ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ቦታ፣ የሚመላለስበት መንገድና የሚጌጥበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ የድምፆቹን ዝርዝር ከማስገልበጥ በፊት ማረፊያውን ያዜሙ፣ ደጋግመው ይመለሱበት።

አንቺሆዬን ለመጨረሻ አቆዩት። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፤ ለጀማሪ ጉሮሮ ከባድ ነው። ደግሞም ማሲንቆና ክራር ላይ የሚሰማው ቅኝት ከፒያኖ ቁልፍ ጋር ልክ ልኩን ላይገጥም እንደሚችል ንገሯቸው። ባለሙያው ክራሩን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ልክ ነው፤ ላ የሚቃኝበት ዓለም አቀፍ ልክ፣ 440 ኸርዝ፣ አያስጨንቀውም። ኪቦርዱ የሚሰጠን ግምት ነው፣ ክራሩን "ተበላሽቷል" ማለት ነውር ነው።

ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ

እነዚህን ከአራቱ ቅኝቶች ጋር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ የሚከት መምህር አይቻለሁ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ስልቶች ናቸው፣ የራሳቸው የአገልግሎት ወቅትና አዚያዜም አላቸው። "ግዕዝ ትዝታ ነው፣ ዕዝል ባቲ ነው" ብሎ ማጣመር አይሆንም። ምልክቶቹም እንዲሁ። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፤ በኋላ የተጨመሩት ድርስና አንብር። የዜማውን እንቅስቃሴና አኳኋን ያሳያሉ እንጂ "ጭረት ሬ ነው" ተብሎ አይመነዘርም። ከቻላችሁ መሪጌታ ጋብዙና ልጆቹ ከምንጩ ይስሙ።

የትኛው ዶ?

በፈረንሳይ፣ በጣልያንና በሩሲያ ልማድ ዶ ሁልጊዜ ፒያኖው ላይ በእንግሊዝኛ C የሚባለው ቁልፍ ነው። የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይ ባስፋፋው አካሄድ ግን ዶ ይንቀሳቀሳል፤ የሜዠሩ መነሻ የትም ይሁን የት ዶ ይባላል። ሁለቱም ይሠራሉ። ችግሩ ሰኞ በአንዱ፣ ሐሙስ በሌላው ማስተማር ነው። ለመዝሙር ክፍል ተንቀሳቃሹን እመርጣለሁ። የልጆች ድምፅ ሲቀጥንም ሲወፍርም ዘፈኑን ማንሳትና ማውረድ ስለሚያስችል፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ የሚለው የትዝታ ሜዠር መንገድም ከየትም ቢነሳ ስለማይለወጥ። መሣሪያ ለሚማር ተማሪ ቋሚው ይቀለው ይሆናል። ብቻ የትኛውን እንደያዛችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ።

"ኖታ ስለማያነብ ሙዚቃ አያውቅም"

ይህን አትበሉ። አዝማሪው አንዲት ክር ባላት ማሲንቆ ቅኝት ይቀይራል፣ ግጥም እዚያው ይፈጥራል፣ የሰዉን ስሜት ያነባል። ኖታ መጻፊያና ማንበቢያ ነው፤ ተማሩት፣ አስተምሩት፣ ግን የሙዚቃ ዕውቀት ሁሉ መለኪያ አታድርጉት። ክፍላችሁ ውስጥ ከአያቱ ዋሽንት የተማረ ልጅ ካለ፣ ትርጓሜ እንዲሸመድድ ከኋላ አታስቀምጡት። ያስነፋ።

ፈተና ላይ

"ቴምፖ ማለት ምን ማለት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ተዉት። የሸመደደ ሁሉ ይመልሰዋል። አንድ አጭር ዜማ ሁለት ጊዜ አጫውቱና "ምን ተለወጠ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ፍጥነቱ፣ ጉልበቱ ወይስ ቅጥነቱ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ለውጡባቸው። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉትን ደግሞ ትዝታ ማይነርንና ባቲ ማይነርን አከታትላችሁ አሰሟቸው፣ ሁለተኛው ከየትኛው ድምፅ ጀምሮ እንደተለየ ጣታቸውን ያንሱ።