የፒፓ አፍ ሲያረጅ፦ ቀለሙን እንዴት እንመልሰው?

አጎቴ ፒፓ ማጨስ ካቆሙ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሐኪማቸው ተቆጣና በአንድ ቀን ተዉት። ፒፓዋን ግን አልጣሏትም። ደሴ ቤታቸው፣ የጦሳን ተራራ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጧት። በቀደም ልጠይቃቸው ስሄድ አነሳኋት። ጥቁር የነበረው አፏ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቡና አተላ መስሏል። ገልበጥ ሳደርጋት ደግሞ ወደ ታች ዞሮ የኖረው ጎን እንደ ድሮው ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የጭስ ነው እንዴ?»

«የምን ጭስ? እኔ ከተውኩት ስንት ዘመኔ!»

እውነታቸውን ነው። ጭስ ሳይሆን ፀሐይ ነው ያጠቆራት፣ ይቅርታ፣ ያነጣት።

ጥርስ የሚነክሰው ያ ጥቁር ክፍል ብዙ ጊዜ ከቩልካናይት ይሠራል። ኢቦናይትም ይሉታል። የጎማ ዛፍ ወተት ከብዙ ድኝ ጋር በሙቀት ሲበስል የሚገኝ ጠንካራ ጎማ ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ድኝ ጥቂት ነው፤ እዚህ ግን 30 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ላዩ ይበላሻል፣ ድኙም ወደ ውጭ ይወጣል። መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ። አፍ ውስጥ ሲገባ ይመራል፣ ሲታሽም እንደ ክብሪት ይሸታል። ምራቅም እርጥበት ስለሆነ የሚያጨስ ሰው የፒፓውን አፍ ሳይጠርግ ካስቀመጠው ያው ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አያታልላችሁ፣ ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ይበረታል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከጣላችሁት ደግሞ ሙቀቱም ተጨመረበት።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ቩልካናይት መሆኑን አረጋግጡ። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ እንዲህ አያረነጉድም። በጣታችሁ አሹትና አሽትቱት፤ ድኝ ድኝ ካለ ቩልካናይት ነው።

አፉን ከእንጨቱ ስታወጡ ፒፓው ቀዝቃዛ ይሁን። ትኩስ ሆኖ ከተጎተተ እንጨቱ ውስጥ የሚገባው ምላስ ሊሰበር ይችላል፣ የእንጨቱም አንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ሳቡት። ውስጡን አልኮል በነካ ጥጥ አጽዱ። የፒፓ መጥረጊያ ካላገኛችሁ ቀጭን ሽቦ ላይ ጥጥ ጠቅልሉ፤ ጥጡ የሽቦውን ጫፍ በደንብ ይሸፍነው፣ ያለዚያ ውስጡን ይቧጥጣል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሙ። አልኮሉ የእንጨቱን ቀለም እንዳይነካ፣ ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። እኔም አንዱን እንዲህ አድርጌ አይቻለሁ። አረንጓዴው ለቀቀ፣ ግን ላዩ እንደ ድመት ምላስ ሻከረ፣ ጎኑ ላይ የነበረችው ነጭ የፋብሪካ ምልክትም አብራ ሄደች። አልመክርም።

የሚሻለው የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ኮምቦልቻ ጋራዦች አካባቢ ባትላሜራ የሚሠሩት ልጆች የሚገዙበት ሱቅ ሁሉም ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል፦ 400 ለባሰበት ብቻ፣ ከዚያ 600፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ወረቀቱንም አፉንም እያረጠባችሁ እሹ፤ ደረቁን ካሻችሁት አቧራው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ የቡና አተላ ይመስላል። ጥቁር መሆን ሲጀምር ደህናው ጎማ ጋ ደርሳችኋል ማለት ነውና በዚያ ቁጥር ይብቃችሁ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። አብሽሩ፣ መሀል ላይ ግራጫና ደብዛዛ ሆኖ ያስደነግጣል፤ 2000 ላይ ስትደርሱ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አፉ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ከተሞረደ ክፍተት ይፈጠራል፣ ያ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያስታውቃል። ስለዚህ አፉን መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ እንጨቱን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ጠቅልላችሁ ሥሩ። የፋብሪካው ምልክት ያለበትን ቦታ ዝለሉት።

ማሳመሪያው የጥርስ ሳሙና ነው። ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርጋችሁ አሹ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ አንድ ሁለት ጠብታ የወይራ ዘይት፣ ለጥቂት ሰዓት ተዉትና ትርፉን ጥረጉ። የመኪና ፖሊሽ ያብረቀርቃል፣ ግን አፍ የሚገባ ነገር ላይ አይሁን።

የጥርስ ምልክት ካለ ቩልካናይት ሲሞቅ የድሮ ቅርጹን ያስታውሳል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉድጓዱ ከፍ ይላል። እኔ ግን የአጎቴን ፒፓ ይህን ብዬ ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኳት። የጥርሱ ጉድጓድ ከፍ አለ። ቆልመም ያለው አፏ ግን እንደ እርሳስ ቀጥ አለ! ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ተሠርቶ ነው ኋላ የሚታጠፈው ለካ። ጥጥ የተጠቀለለበት ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ (ያለዚያ ስታጥፉት ቀዳዳው ይደፈናል)፣ እንደገና አሙቄ፣ በጣቴ አጥፌ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደያዝኩት ቆየሁ። ቅርጿ ተመለሰላት፣ ግን ልቤ ወልቆ ነበር። እናንተ ጫፉን ብቻ ንከሩ።

ይሄን ሁሉ ደጋግማችሁ አትሥሩት። ብርጭቆ ወረቀት በነካው ቁጥር አፉ ይሳሳል። የሚያጨስ ሰው ከጨረሰ በኋላ በጨርቅ ይጥረግ፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡን ያጽዳ፣ አልፎ አልፎ ዘይት ያስነካው፣ ጨለማ ቦታ ያስቀምጠው።

የአጎቴ ፒፓ አሁን ቡፌው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ ናት። እንግዳ ሲመጣ አውጥተው ያሳያሉ። እንግዳው ሲሄድ ወደ መስኮቱ እንዳትመለስ አክስቴ ትጠብቃለች።