ጤፍ በነሐሴ፣ በግ በፋሲካ ዋዜማ፦ የቤታችንን ብር የበሉ ስህተቶች

ደመወዝ የሚወጣው በወር ነው። ጎጃም ውስጥ ኑሮ የሚቆጠረው ግን በዓመት ነው። ጤፉ የሚወቃበት፣ በርበሬው የሚደርስበት፣ በጉ የሚወደድበት፣ ማኅበሩ የሚወጣበት ወር የታወቀ ነው። እኔና ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ጎጆ ከወጣን 14 ዓመት ሆነን። ሁለታችንም መምህራን ነን፤ ሦስት ልጆች አሉን። ብራችን የት እንደሚገባ ሳናውቅ ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን! እኔ የእሱን ኪስ እጠረጥራለሁ፣ እሱ የእኔን ጓዳ። ኋላ ላይ ደብተር ይዘን ስናየው ለካ ብዙውን የምናጣው በማይሆን ወር እየገዛን ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ እኛ ቤት ተሠርተዋል። አንዳንዶቹን አሁንም እንሠራቸዋለን።

ጤፍን ደመወዝ እየጠበቁ መግዛት

እኛ ቤት በወር ግማሽ ኩንታል ጤፍ ያልቃል። ለዓመታት ደመወዝ ሲወጣ 50 ኪሎ ገዝተን፣ አበጥረን፣ ወፍጮ ቤት እንወስድ ነበር። ሲያዩት ምን ጥፋት አለው?

ጥፋቱ የሚታየው ክረምት ላይ ነው። ጤፍ እኛ አካባቢ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይወቃል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ስለዚህ እህሉን ያወጣዋል። ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከየጁቤ በኩል ጤፉ ይጎርፋል፣ ዋጋው ረገብ ይላል። ሐምሌ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። በኪሎ 15 ብር ብቻ ጨመረ እንበል። በወር 750 ብር ነው። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ሲደመር 3,750 ብር። ይህ ብር የልጅ ጫማ፣ ቦርሳና ደብተር ነው። እነሱ ደግሞ የሚፈለጉት ያው መስከረም ላይ ነው።

ጤፍ ሌላው እህል የሌለው ጸጋ አለው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። በቆሎ ዝም ብለው ካስቀመጡት በወራት ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ጤፍ እርጥበት ካልነካው ዓመትም ይከርማል። እንግዲህ የሚቀመጥ እህል እያለን ነው በየወሩ ስንሯሯጥ የኖርነው።

«በጥር አምስት ኩንታል የሚገዛ ብር ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እኛም አልነበረንም። ጥር ላይ ከወር ፍጆታችን በላይ አንድ ኩንታል፣ የካቲት ላይ አንድ ኩንታል ጨመርን። ለዚያ ስንል የልጆቹን የገና ልብስ ተውነው፤ ትንሿ ልጄ እስካሁን ታነሳብኛለች። ሁለቱ ኩንታል ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አሻገረን። የዚያን ክረምት የሰፈሩ ባለሱቅ «ምነው ጠፋችሁ?» አለኝ። ለካ በየክረምቱ ዱቤ የምንገባው በጤፍ ምክንያት ነበር።

ስትገዙ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ጆንያው ውስጥ አስገቡ። ከላይ ማኛ፣ ከታች ሰርገኛ የሆነ ጆንያ ገጥሞኛል። ቤት ስታስገቡትም ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ሁለት ጣውላ ይግባ።

«ርካሽ ነው» ብሎ እርጥብ በርበሬ መሸመት

ይኼኛው ያመኛል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬ በሚገባበት ሰሞን አንድ ነጋዴ ከሌሎቹ ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ቀዩ ያንጸባርቃል። «እታለም፣ ዛሬ እንጂ ነገ አታገኝውም» አለኝ። 20 ኪሎ ዛላ አስመዝኜ በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። የፈተና ወረቀት ተከምሮብኝ ስለነበር ጆንያውን እንደታሰረ ጓዳ ጥግ አስቀመጥኩት።

በአምስተኛው ቀን ስፈታው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። መሐል ላይ ያለው ዛላ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ነጭና ግራጫ ጸጉር አብቅሏል። አንዱን ስቀደው ፍሬው ጠቁሯል። ጎረቤቴን እማማን ጠራኋቸው። አንዱን አንስተው አጠፉት፤ እንደ ቆዳ ታጠፈ። «አይ ልጄ፣ በርበሬ መሰለሽ እንጂ ውኃ ነው ያስመዘንሽው» አሉኝ። ለካ ክብደቱ እንዲያነሳ ውኃ ይረጩበታል።

ደህናውን አጥቤና አስጥቼ፣ የሻገተውንም ቆልቼ ልቀላቅለው አስቤ ነበር። እንዳታደርጉት። ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ፤ በመቁላትም በማብሰልም አይጠፋም። ሰባት ኪሎ ጣልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አሁን እማማ ያሳዩኝን አደርጋለሁ። ዛላውን ጆሮዬ አጠገብ አንቀጫቅጫለሁ፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይሰማል። ሳጥፈው ቀጭ ማለት አለበት። ከተለያየ ጆንያ፣ ከመሐል ከመሐል አውጥቼ ነው የምሞክረው። ቤት እንደገባም ያኑ ዕለት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የፈተና ወረቀቱ ይቆያል።

በግ በዋዜማ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾሙ እስኪፈታ ሥጋ የሚያምረው ሰው የለም፣ በግ ተራው ቀዝቀዝ ይላል። የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ግን ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ይወርዳል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ዋጋ ጠርቶ ፊቱን ያዞርብሃል።

እኛ ከደብረ ዘይት በኋላ፣ አራት ሳምንት ሲቀር መግዛት ጀመርን። ግቢ ላላቸው ብቻ ነው የሚሆነው። የጠላ አተላ ከጎረቤት በነጻ ይገኛል፤ አተላ በግ ያወፍራል። በመጀመሪያው ዓመት በደንብ ተጠቀምን። በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ «ይወፍርልን» ብለው የቡሖ ሊጥ አበሉት። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ሳይነጋ ሞተ። የዚያን ፋሲካ ቅርጫ ገባን። ዘዴው ልክ ነው፤ ሊጡን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉበት።

ማኅበርን እንደ ድንገተኛ እንግዳ መቀበል

የሚካኤል ማኅበር አለን። 12 ሰዎች ነን፤ በዓመት አንዴ ተራ ይደርሰናል። ሚካኤል በ12 ነው። ቀኑን ቀይሮ አያውቅም። እኔ ግን በየዓመቱ ደንግጬ ነበር የምቀበለው። ሳምንት ሲቀረው ጌሾ ፍለጋ፣ ብቅል ፍለጋ፣ ብድር ፍለጋ።

አሁን ተራዬ ባለፈ ማግስት ለሚቀጥለው ዓመት መቶ መቶ ብር ማስቀመጥ እጀምራለሁ። ጌሾና ብቅሉን ገበያ ሲረክስ እገዛለሁ፤ ከደረቁ ይቆያሉ። ትልቁ መፍትሔ ግን ከእኔ አልመጣም። አንድ ጊዜ አንዱ አባል ከጠላው በተጨማሪ ሁለት ሳጥን ቢራ አወጣ። የሚቀጥለው ሦስት አወጣ። የሚቀጥለው በግ አረደ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይኼ የሚካኤል ነው ወይስ የጨረታ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠላ፣ ዳቦና አንድ ዓይነት ወጥ ተብሎ ተወሰነ። ሁሉም ሰው በልቡ ያንን ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ። «ሰው ምን ይለኛል» ስንል፣ ያ ሰውም እኛን እየፈራ ነው ለካ።

የእቁብ ዕጣን እንደ ሎተሪ መቁጠር

የሴቶች እቁብ አለን፤ 20 ሰው፣ በየ15 ቀኑ 1,000 ብር። አንድ ጊዜ በሦስተኛው ዙር ወጣልኝ። 20,000 ብር በእጄ! እልል ብዬ ቡፌ ገዛሁ። 17 ዙር ገና እንደሚቀረኝ፣ ማለትም 17,000 ብር ዕዳ ይዤ እንደገባሁ ያሰብኩት ሐምሌ ላይ የጤፍ ብር ሲያጥረኝ ነው።

ቀድሞ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የሚወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ኑሮ በሚወደድበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2016ቱ እቁባችን አንዲት ጓደኛችን በዕጣው ፍሪጅ ልትገዛ አስባ 18ኛ ወጣላት። ዕጣዋ ሳይደርስ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ። ሱቆቹ የፍሪጁን ዋጋ ቀየሩት። ብሯ ሙሉውን ደረሳት፤ ፍሪጁ ግን አልተገዛም።

ስለዚህ እቁብ ስትገቡ ብሩ ምን ላይ እንደሚውልና በየትኛው ወር እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ያዙ። የእኛ ዳኛ ሁለቱ ከተስማሙ ዕጣ መለዋወጥ ትፈቅዳለች። እኔ አሁን የጥርን ዕጣ ነው የምለምነው። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለጤፍ።

ብርን እንስራ ውስጥ ማሳደር

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩና የ200 ብር ኖት ሲመጣ እማማ ቤቴ መጡ። የመቀየሪያው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በነጠላ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል። ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የበርበሬና የጤና አዳም ሽታ ቤቱን ሞላው። ብሩ እንስራ ውስጥ ከቅመም ጋር ነበር የኖረው፤ አይጥ እንዳይቀርበው። ተቀምጠን ቆጠርነው። ጥቂቱን ምስጥ በልቶታል፤ ሌላው ደህና ነው።

ባንክ ወስደን ቀየርንላቸው። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም። «ስቋጥረው በሬ ይገዛ ነበር። አሁን በግ ከገዛ መቼ አነሰው» አሉ። ምስጥ ከበላው ይልቅ የኑሮ ውድነት የበላው ይበልጣል።

ባንክም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያድነውም። በ2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ ቢልም፣ የጤፍ ዋጋ ከዚያ በላይ የሮጠባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። እኔ ትርፍ ብር ከተገኘ መጀመሪያ ወደ ጎተራ ነው የማየው። ያም ሆኖ ሁሉንም ስልክ ውስጥ ማስገባትም አይሆንም። ኔትወርክ የጠፋበትን፣ መንገድ የተዘጋበትን ሰሞን ያየ የጎጃም ሰው ይህን አይረሳም። የሁለት ሳምንት የአስቤዛ ብር በጥሬው ቤት ይኑር።

ሳያነቡ ዋስ መሆን

ባለቤቴ ለአንድ የሥራ ባልደረባው የብድር ዋስ ሆኖ ፈረመ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ነበር። ትርጉሙ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳያሳድድ በቀጥታ ዋሱን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ተበዳሪው አገር ለቀቀ። ከእኛ ደመወዝ ለ11 ወር ተቆረጠ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ ቤት ውስጥ ገና አልበረደም።

ጥቃቅኖቹ

ከሰል በግንቦት ይገዛ። ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚሠራው ከሰል ክረምት ሲገባ ይወደዳል፣ ይረጥባልም። የዕድር መዋጮ ለቅጣት አይድረስ፤ ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ ስም ሲጠራ ግን ያሳፍራል። «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ስልክ ሲመጣ ዝጉት፣ የእማማን ያህል ትሑት ድምፅ ቢኖረውም። ዘይት በግማሽ ሊትር አይገዛ።

«ልዩ ልዩ»

የመጨረሻው ደብተራችን ላይ ያገኘነው ነው። በየወሩ መጨረሻ ባለቤቴ «ልዩ ልዩ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፍ ነበር። አንድ ወር ስደምረው 1,840 ብር ሆነ። ከመብራትና ከውኃ ይበልጣል።

«ምንድን ነው ልዩ ልዩ?» አልኩት።

«ልዩ ልዩ ነዋ!» አለኝ።

ሳምንት ሙሉ እያንዳንዷን ጻፍን። ባጃጅ፣ ማኪያቶ፣ የስልክ ጥቅል፣ ሰው ሲመጣ የሚገዛ ለስላሳ። ከእኔ በኩልም ጉድ አልጠፋም፤ ሦስት የጸጉር መያዣ በአንድ ሳምንት። የሚያስቀው ባጃጁ ነው። ገበያ ስንሄድ በእግራችን፣ ስንመለስ ደግሞ አንድ ኪሎ ቲማቲም ይዘን በባጃጅ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ «ልዩ ልዩ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። በዚህ ወር ስገልጠው ባለቤቴ «ሌላ ሌላ» ብሎ ጽፏል።