ብሎኑ እየዞረ አልጠብቅ ሲል፦ የአሮጌ በር ማጠፊያ አጠጋገን

የእናቴ ቤት የጓዳ በር ለዓመታት በእጅ ከፍ ካልተደረገ አይዘጋም ነበር። ሊሾው ላይ እየተፋቀ ግማሽ ክብ ጭረት አውጥቷል። ሁሉም “በሩ ዘመመ” ይላል። በሩ ግን ደህና ነው፤ የላላው የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚላላው የላይኛው ነው፤ የበሩ ክብደት ወደ ውጭ ይጎትተዋል። በካቻቪቴ ሲያጠብቁት ዝም ብሎ ይዞራል። ብሎኑ ምንም አልሆነም፤ የሚነክሰው እንጨት ነው ያለቀበት። ስለዚህ የሚጠገነው ቀዳዳው ነው።

እባክዎ ምስማር አይምቱበት። ወፍራም ብሎንም አይመከርም። የደረቀ መቃን ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ትልቁ የብሎን ራስም ማጠፊያው ላይ አልተኛ ብሎ በሩን ያስቸግራል።

የእንጨት ኮላ፣ ስቴኪኒ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ቢላና አንድ ቀጭን ምስማር ይበቃል።

መጀመሪያ በሩን ከስር በሽብልቅ ደግፉት፤ ክብደቱ ማጠፊያው ላይ እንዳይንጠለጠል። ከዚያ የላላውን ብሎን ብቻ ያውጡ፤ ሌሎቹን አይንኩ።

አሁን የቀዳዳውን ውስጥ በምስማሩ ጫፍ ጫን እያሉ ይፈትሹ። ይህን አይዝለሉት። ምስማሩ እንደ ዳቦ ሰርጎ ከገባ እንጨቱን ምስጥ ወይም እርጥበት በልቶታል። ያኔ ኮላ አያድነውም፤ የተበላው ተቆርጦ አዲስ እንጨት ይገጠምበት፣ አናጢ ይጥሩ። ጠንካራ ከሆነ ግን ይቀጥሉ።

አቧራውን እፍ ብለው ያውጡ። ስቴኪኒዎቹን ኮላ ውስጥ እየነከሩ አንድ በአንድ ይክተቱ። አራትም አምስትም ሊወስድ ይችላል፤ ቁጥሩን ሳይሆን ጥበቱን ይዩ። የመጨረሻው በመዶሻ ካልተመታ የማይገባ መሆን አለበት። ስቴኪኒ ከሌለ የክብሪት እንጨት ይሆናል፣ ራሱን ቆርጠው። የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ።

ከዚያ እስከ ነገ ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኮላው ሳይደርቅ ብሎን ካስገቡ እንጨቶቹ ተንሸራተው ልፋቱ ገደል ይገባል።

በማግስቱ ትርፉን በቢላ ከላይ አስተካክለው ይቁረጡ። በቀጭኑ ምስማር መሃሉ ላይ ትንሽ መግቢያ ያብጁለት። ብሎኑን ደረቅ ሳሙና ላይ ፈተግ ያድርጉት፣ እየሾለከ ይገባል። በእጅ ያዙሩት እንጂ በማሽን አይሁን። ሁለት ሦስት ዙር እንደሄደ ካቻቪቴው ከበድ ይልዎታል፤ ብሎኑ እንጨት ነከሰ ማለት ነው። የብሎኑ ራስ ማጠፊያው ላይ ሲተኛ ያቁሙ። ከዚያ በላይ ከገፉት አዲሱንም ይፈጩታል።

ለቁም ሳጥንና ለመስኮት ይኸው ይበቃል። ለከባድ የውጭ በር ግን ከስቴኪኒ ይልቅ ቀዳዳውን አስፍቶ የተጠረበ ድቡልቡል እንጨት በኮላ መምታት ይሻላል። ብሎኑም ውፍረቱ ያው ሆኖ ረዘም ይበል፤ የነበረው 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ያድርጉት።