አረንጓዴ እየበራ መኪናው ለምን አይሄድም? የማይናበቡ የትራፊክ መብራቶች ችግርና መፍትሄ

የአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ተሳቢ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ መብራት ቢደረደር፣ ካልተናበበ መጨናነቁን ያባብሰዋል።

ችግር፦ ከአንዱ አረንጓዴ እንዳለፉ ቀጣዩ ቀይ ይይዛል።
ቅድሚያ ዙሩ ይታይ፤ ማለትም ከአረንጓዴ እስከ ቀጣዩ አረንጓዴ ያለው ጊዜ። አንዱ የመንገድ መገናኛ በ80፣ ሌላው በ90 ሰከንድ የሚዞር ከሆነ በየዙሩ 10 ሰከንድ ይራራቃሉ። መፍትሄው ሁሉንም በእኩል ዙር ማስኬድ ነው።

ዙሩ እኩል ሆኖም ካልተቃና ጥፋቱ የመነሻ ጊዜው ነው፤ ማለትም ቀጣዩ አረንጓዴ ከፊተኛው ስንት ሰከንድ ዘግይቶ እንደሚበራ። በመብራቶቹ መካከል 400 ሜትር ካለና መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ከመጀመሪያው 36 ሰከንድ ዘግይቶ መብራት አለበት። ግን የጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ በ25 ቢያዘግም 58 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በ36 የበራው አረንጓዴ ባዶ አስፋልት ላይ ይባክናል። ስለዚህ ስሌቱን ከፍጥነት ገደቡ ምልክት አይውሰዱ። በገበያ ቀንም በአዘቦትም መንገድ ዳር ቆሞ በሰዓት መለካት የግድ ነው። ከጎን መንገድ ገብተው ቀድመው የቆሙ መኪኖች ካሉ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 2 ሰከንድ ያህል አስቦ ሁለተኛውን አረንጓዴ በዚያው ልክ ቀደም ማድረግ ነው፤ ስድስት ከቆሙ 12 ሰከንድ።

ችግር፦ ወደ ደሴ ይፈሳል፣ ወደ አዲስ አበባ ቆሟል።
የመነሻ ጊዜው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ተሰልቷል። የጉዞው ጊዜ የዙሩ ግማሽ ሲሆን ሁለቱም አቅጣጫ ይቀናቸዋል፤ ለ36 ሰከንድ ጉዞ የ72 ሰከንድ ዙር ይሞከር። ርቀቱ አልመች ካለ በየሰዓቱ መኪና ለበዛበት አቅጣጫ ማድላት ይሻላል።

ችግር፦ ተስተካክሎ ነበር፣ እንደገና ተዛባ።
መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የመቆጣጠሪያዎቹ ሰዓት ተለያይቷል። መጠባበቂያ ባትሪና ሰዓቱን ከጂፒኤስ የሚያስተካክል መሣሪያ ይገጠም።

ችግር፦ እግረኛ በቀይ ይሻገራል።
ዙሩ ረዝሞ ትዕግሥቱ አልቋል፤ ያሳጥሩት። የእግረኛውን ጊዜ ግን አይንኩ። 12 ሜትር አስፋልት በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ 10 ሰከንድ ይወስዳል፤ ሸክም ላዘሉ እናቶችና ለአዛውንት ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ለመኪና ተብሎ ከዚህ ላይ መቀነስ ሰው ማስገጨት ነው።

ችግር፦ አረንጓዴ በርቷል፣ ፊት ለፊቱ ዝግ ነው።
ሚኒባሶች መገናኛውን እንዳለፉ ቆመው ሰው ይጭናሉ። እዚህ ላይ ሰከንድ ቢጨመር የሚፈይደው የለም፤ መጫኛውን ከመገናኛው አርቆ፣ ከአስፋልቱ ወጣ አድርጎ መሥራት ነው።