ያገለገለ ቢኤምደብሊው 335አይ ገዝቶ ኪስ ሳይራቆት እንዴት መንዳት ይቻላል

ሁለት ቱርቦ፣ 300 የፈረስ ጉልበት፣ የቆዳ ወንበር፣ ዋጋው ደሞ በዛው ዓመት ከተሰራ ኮሮላ ብዙም ማይርቅ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ልጆች ከ2007 እስከ 2010 የተሰራ 335አይ ሲሸጥ አይታችሁ ልባችሁ ቢሸፍት አልፈርድም፣ መኪናው እውነትም ደስ ይላል። ግን ይሄ መኪና አዲስ እያለ ወደ 40 ሺ ዶላር ነበር፣ እስካሁን የወረደው የመኪናው ዋጋ ነው እንጂ የመለዋወጫውና የመካኒኩ አይደለም። እዚ ማወራው ኤን54 ሚባለው ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ስላለበት መኪና ነው፣ ከ2011 ጀምሮ ያለው 335አይ ሞተሩ ሌላ፣ ኤን55 ሚባለው ስለሆነ ጸባዩ ይለያል።

1. መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ

10 ሺ ዶላር ካላችሁ ከ7 ሺ በላይ ሚያወጣ አትዩ፣ ቀሪውን 3 ሺ አትንኩት፣ መኪናው ራሱ መጥቶ ይጠይቃችኋል። ነዳጅ በጋሎን ከተማና ሀይዌይ ተደባልቆ 20 ማይል አካባቢ ነው፣ እሱም ፕሪሚየም። በዓመት 12 ሺ ማይል ከነዳችሁ 600 ጋሎን ማለት ነው፣ ጋሎኑን በ4 ዶላር ብናስበው 2,400 ዶላር (ኡበር እሰራበታለሁ ምትሉ ካላችሁ መልሱ እዚ ቁጥር ላይ አለ)። ኢንሹራንሱን ከመግዛታችሁ በፊት ቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ሰጥታችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች ከሆናችሁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ ሚመጣውን የመኪና ታክስ እንዳትረሱ። ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ ራንፍላት (ቢተነፍስም ጥቂት መንገድ ሚሄድ ጎማ) ስለሆነ ስኮርታ የለውም፣ አራቱን አንዴ መቀየር በቀላሉ ከ1 ሺ ዶላር ያልፋል።

ሲሰለቸኝ ሀገር ቤት እልከዋለሁ ሚለውንም ተዉት፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ ሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች።

2. መኪናውን ሳታዩ ወረቀቱን እዩ

17ቱን የቪን ቁጥር ተቀበሉና የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገቡት፣ ያልተሰራለት ሪኮል (ፋብሪካው በነጻ ሚጠግነው ጉድለት) ካለ በነጻ ያሳያል፣ ታካታ ሚባለው ኩባንያ የሰራው የኤርባግ ጉድለት እነዚህን መኪኖችም ስለነካ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከዛ ስለ ሃይ ፕሬዠር የነዳጅ ፓምፑ (ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ ሚገፋው) ጠይቁ። የዚህን ሞተር ስም ከሁሉ በላይ ያጠፋው እሱ ነው፣ 2010 ላይ ቢኤምደብሊው አሜሪካ ውስጥ ሪኮል አድርጎት ዋስትናውንም ወደ 10 ዓመት ወይ 120 ሺ ማይል አራዝሞት ነበር። አሁን ግን ዋስትናው አልቋል፣ ከተበላሸ ከኪሳችሁ ነው። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኙን ያሳይ፣ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ አስቡ። እኔ 90 ሺ ማይል ሄዶ ወረቀት ከሌለው ይልቅ 140 ሺ ሄዶ ደረሰኙ ሙሉ የሆነውን እመርጣለሁ።

3. ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ድረሱ

ለሻጩ «እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት፣ ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ምክንያቱም የነዳጅ ፓምፑም ኢንጀክተሩም (ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ ሚረጨው) ጉዳቸው ሚወጣው በቀዝቃዛ ነው፤ ቶሎ አልነሳ ብሎ ብዙ ከዞረ፣ ከተነሳ በኋላም ከተንቀጠቀጠና ካጨሰ ጠርጥሩ። ኢንጀክተር አንዱ ብቻ 300 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሞተሩ ላይ ደሞ ስድስት አሉ።

ቀጥሎ በባትሪ መብራት ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለውን የዘይት ፊልተር ቤት እዩ፣ እዚች ጋር ነው ረጋ ማለት ያለባችሁ። እዛ ያለችው ጓርኒሲዮን (የጎማ ማሸጊያ) ዋጋዋ ትንሽ ናት፣ ግን ስትደርቅ ዘይት ታፈሳለች፣ ዘይቱ ደሞ ቀጥታ ቺንጋው ላይ ነው ሚንጠባጠበው፣ ቺንጋው በዘይት ይርስና አንድ ቀን ይወልቃል፣ ወልቆ ቢወድቅ እንኳን ጥሩ ነበር፣ ይሄ መኪና ላይ ግን ከፑሌጋው ጀርባ ተጠቅልሎ የፊቱን የዘይት ሲል በጥሶ ሞተሩ ውስጥ ሚገባበት ጊዜ አለ፣ ክሩ እየተበጣጠሰ የዘይት መሳቢያውን ከደፈነው ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። በጥቂት ዶላር ጓርኒሲዮን ሞተር ሚጠፋው እንዲ ነው። ስለዚ ቺንጋው ላይ ዘይት ካያችሁ ወይ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ጥላችሁ ሂዱ፣ «ትንሽ ላብ ነው» ሚል ሻጭ አትስሙ።

4. ንዱት

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሀይዌይ ላይ አንዴ እስከ መጨረሻ ርገጡት። ጉልበቱ መሃል ላይ ከተቋረጠና ዳሽቦርዱ ላይ ግማሽ ሞተር ሚመስል ቢጫ ምልክት ከመጣ ጉዳዩ ከኮይልና ካንዴላ (ነዳጁን ሚያቀጣጥሉት) እስከ ቱርቦ ሊደርስ ይችላል። ከዛ መስኮት ከፍታችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ እንደ ቆርቆሮ ኳኳ ሚል ድምጽ ካለ የቱርቦው ዌስትጌት (ትርፍ ግፊቱን ሚያሳልፈው በር) ልል ሆኗል ማለት ነው። ድምጹ ብቻ ከሆነ ብዙዎች እንደዛው ይነዱታል፣ ግፊቱ ከቀነሰ ግን ሁለቱን ቱርቦ ማስቀየር ከነጉልበት ዋጋው የመኪናውን ግማሽ ይበላል፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ።

5. ለራሳችሁ መካኒክ አሳዩ

20 ዶላር ሚሸጠው ስካነር ሁሉንም አያነብም፣ የቢኤምደብሊውን የብልሽት ኮድ ሚያነብ አፕ ወይ ጋራዥ ያስፈልጋል። 30ኤፍኤፍ ሚል ኮድ ካለ የቱርቦ ግፊት አንሷል ማለት ነው፣ መንስኤው የተሰነጠቀ ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ ቱርቦውም ሊሆን ይችላል። ኮዱ ሁሉ ባዶ ሆኖ የኢሚሽን (የጭስ) መፈተሻዎቹ «አልተጠናቀቁም» ካሉ ደሞ ሻጩ ኮዱን በቅርቡ ሰርዞት ሊሆን ይችላል። ቱን ተደርጎ (ጉልበቱ እንዲጨምር ኮምፒውተሩ ተነካክቶ) እንደነበርም ጠይቁ፣ ኮምፒውተሩ ከመሸጡ በፊት ወደ ድሮው ይመለሳል፣ በብረት የተቀየረ የቱርቦ ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ እዛው ይቀራል። የሀበሻ መካኒክ ካላችሁ ጥሩ፣ ግን ቶዮታ ጎበዝ የሆነ ሁሉ ቢኤምደብሊው ያውቃል ማለት አይደለም።

6. እንደገዛችሁ ሚሰሩት

ያስቀመጣችሁት 3 ሺ አሁን ይወጣል። የውሃ ፓምፕና ቴርሞስታት አንድ ላይ፣ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ሳይበላሽ ቀይሩት፣ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ሚሰራ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ነው ሚሞተው፣ ከነእጁ 1 ሺ ዶላር አካባቢ ያዙለት። የፊልተር ቤቷ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋው፣ ካንዴላው። ዘይቱ 6.5 ሊትር ገደማ ነው፣ ኤልኤል-01 ሚባለው የቢኤምደብሊው የዘይት ደረጃ ያለው፤ ኩባንያው እስከ 15 ሺ ማይል ይቆያል ቢልም በየ5 ወይ 6 ሺ ቀይሩ፣ መለኪያ ዘንግ ስለሌለው በየጊዜው ዳሽቦርዱ ላይ እዩ። ነዳጁ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን ሚያጥብ ነገር የለም፣ ካርቦን ይጋገርባቸዋል፣ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ሚያጸዱ ጋራዦች አሉ። ባትሪ ስትቀይሩ አዲስ መሆኑ ለኮምፒውተሩ መመዝገብ አለበት።

መንገድ ላይ ቢጫ ግማሽ ሞተር ከበራ ቀስ ብላችሁ ቤት መድረስ ትችሉ ይሆናል። ቀይ ቴርሞሜትር ከበራ ግን እዛው ጠርዝ ይዛችሁ አጥፉት፣ የሞተሩ ራስ አልሙኒየም ስለሆነ ሙቀት አይችልም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅም የዘይት እንጂ የውሃ ስላልሆነ አሁን ደህና ነው ብላችሁ በእሱ እንዳትሄዱ፣ ጎታች መኪና (ቶው) አስጠሩ።