ሦስተኛው ምዕራፍ እንዴት ተንቀሳቀሰ

የልቦለዴ ሦስተኛ ምዕራፍ አልላወስ ብሎኝ ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታስባለች። ታስባለች፣ አሁንም ታስባለች። ማን ያነበዋል?

የገላገለኝ ደቻቱ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላል፤ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ድሬ አልረሳችውም። ስለዚህ የታመመች እናቷን መጋላ አስቀመጥኩ፣ መድኃኒቱን ለልጅቷ አስያዝኩ፣ ሰማዩን አጠቆርኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሷን መከተል ብቻ ሆነ።

ንግግሩም ጣጣ ነበረው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ እኔ ያወራሉ። ቀፊራ ገበያ ሄጄ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው እዚያው ይቀላቀላል። አሁን የልቦለዴ ባለሱቅ ዋጋ ሲጠራ «አቦ» ሳይል አይጨርስም።