እንጀራ ሳንተው ክብደት ለመቀነስ

ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የትኩስ ፓስቲ ሽታ ሲመጣ መቋቋም ከባድ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ሁለት እንቁላል ጠብሳችሁ ብሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ከገባበት ዳቦውም አይናፍቃችሁም። እስከ ምሳ ያቆያችኋል።

እንጀራ ተዉ አልልም። መጠኑን ግን ገና ሳይቀርብ ወስኑ። እኔ አንዱን እንጀራ ለሁለት እከፍልና ግማሹን ወደ መሶቡ እመልሰዋለሁ። ትሪው ላይ የጎደለውን ቦታ በጎመን ወይም በቆስጣ እሞላለሁ፤ ከጎኑ ትንሽ አይብ ወይም ጥብስ። በጾም ቀን ምስርና አቮካዶ ይተኩታል። ምስርም እንደ እንጀራው ካርቦሃይድሬት (ሰውነታችን ወደ ስኳር የሚለውጠው ነገር) አለው፤ ግን ፕሮቲንና ፋይበር ስላለው ጥሩ አድርጎ ያጠግባል። ድንች ወጥ በእንጀራ፣ ፓስታ በዳቦ የምንበላው ነገር ግን በእውነት ይቅርብን።

ከሁሉም በላይ ስኳሩን ተመልከቱ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አምስት ጊዜ ከጠጣችሁ 60 ግራም ስኳር ገባ ማለት ነው። ወደ 240 ካሎሪ! በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሳችሁ ሂዱ፤ ምላስ ይለምዳል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ቶሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው። በኋላ ዝግ ሲል አትደንግጡ። በዓል ሲመጣ ከቤተሰብ ጋር ብሉ፣ በማግስቱ ወደ ግማሿ እንጀራ ተመለሱ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ፤ ስኳራችሁ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል።